ኮምፒውተሩ ይሰበስባል፣ ስም የምትሰጠው እናቴ ናት

ቤታችን ውስጥ 31 ሺህ ገደማ ፎቶ አለ። በወረቀት የታጠበውን ሳልቆጥር ነው። አምስት ልጆች ነን። ሁላችንም ስልክ በቀየርን ቁጥር የድሮውን ፎቶ አንዱ ፍላሽ ወይም የሆነ ላፕቶፕ ላይ ገልብጠን ትተነዋል። የሁለት ሰርግ ዲቪዲ አለ። የምርቃት አለ። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የተለቀቀው ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ባለፈው ክረምት እናቴ "የአባትህን ደህና ፎቶ ፈልግልኝ፤ ለሰባት ዓመቱ ትልቅ አድርገን እናሳጥበው" አለችኝ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ፎልደር ለፎልደር ዞርኩ። ያገኘሁት ዘጠኝ ብቻ ነበር። አባቴ ፎቶ የሚያነሳ እንጂ የሚነሳ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ያለንን ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰበሰብኩና ፊት የሚለይ ፕሮግራም እንዲፈትሸው ለቀቅኩበት። ላፕቶፑ ሲሠራ አደረ። ጠዋት የአባቴን ፊት ስነካ 412 ፎቶ ወጣ።

እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች "ይሄ ማሽን አባትህን በምን አወቀው?" አለች። እሷን ለማስረዳት የሞከርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ፎቶው እንደ እኛ የተበተነበት ቤት ሐዋሳ ውስጥ ብዙ እንዳለ አውቃለሁና።

አጭሩ መልስ አላወቀውም ነው። አባቴን የሚያውቀው እኛ ነን። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ፊት ከዚያኛው ፊት ጋር ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም።

ፊት እንዴት ቁጥር ይሆናል

ሥራው ሁለት ነው። መጀመሪያ ፎቶው ውስጥ ፊት ያለበትን ቦታ ማግኘት፣ ቀጥሎ ያ ፊት ከሌሎች ፊቶች ጋር ያለውን መመሳሰል መለካት። ፎቶ ስታነሱ ስልካችሁ ፊት ላይ ሳጥን ሲያደርግ የመጀመሪያውን ብቻ እየሠራ ነው። የማን ፊት እንደሆነ ግድ የለውም።

ፊት ማግኘት ራሱ ለኮምፒውተር ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፖል ቪዮላ እና ማይክል ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፈጣን ዘዴ አመጡ። የሰው ፊት የብርሃንና የጥላ ሥርዓት አለው። ዓይን ያለበት አካባቢ ከጉንጭ ይልቅ ይጠቁራል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው የአፍንጫ አጥንት ብርሃን ይይዛል። ኮምፒውተሩ ፎቶውን በትናንሽ አራት ማዕዘን እየቃኘ ይህን አሰላለፍ ይፈልጋል። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከዚህ በጣም የረቀቁ ናቸው። ብርሃን ላይ መመርኮዛቸው ግን አልቀረም፤ ይህን ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊቱ ከተገኘ በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ጭንቅላት ዘመም ካለ ይቃናል። ከዚያ ያ ቁራጭ ወደ ቁጥሮች ዝርዝር ይለወጣል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ፌስኔት ብለው ባወጡት ሥራ አንድን ፊት በ128 ቁጥሮች ገለጹት። ሌሎች 512 ቁጥር ይጠቀማሉ።

ብዙ ሰው እነዚህ ቁጥሮች የአፍንጫ ርዝመት ወይም የዓይን ርቀት ይመስሉታል። አይደሉም። አንዷን ቁጥር ነጥላችሁ "ይቺ ምንድን ናት?" ብትሉ መልስ አታገኙም። ትርጉም የሚሰጡት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ለእናቴ ያስረዳኋት በሐዋሳ ካርታ ነው። ቁጥሮቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ እያንዳንዱ ፊት ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። የአባቴ አንዱ ፎቶ ፒያሳ ላይ አረፈ እንበል። በሌላ ዓመት፣ በሌላ ብርሃን የተነሳው ሌላ ፎቶውም እዚያው ፒያሳ አካባቢ ያርፋል። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይሆናል እንጂ ከሰፈሩ አይወጣም። የእናቴ ፎቶዎች ታቦር ተራራ ሥር ይሰበሰባሉ። ማንም የማያውቀው የሰርግ ታዳሚ ደግሞ አላሙራ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለካና የተቀራረቡትን "እነዚህስ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም" ብሎ አንድ ሰፈር ያደርጋቸዋል። የእኛ ካርታ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ የፊቶቹ ካርታ 128 ወይም 512። በዓይነ ሕሊና መሳል አይቻልም። ሒሳቡ ግን ያው ርቀት መለካት ነው።

እናቴ "ካርታውን ማን ሠራው?" አለች። ካርታው የተሠራው በልምምድ ነው። ለፕሮግራሙ ሦስት ፎቶ ይቀርብለታል። ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው፤ ሦስተኛው የሌላ። የአንድ ሰው የሆኑት ሁለቱ እንዲቀራረቡ፣ ሦስተኛው እንዲርቅ ቁጥሮቹን ትንሽ ያስተካክላል። ከዚያ ሌላ ሦስት ይመጣል። እንዲህ እያለ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግመዋል። ፌስኔት የተለማመደው ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን በሚደርሱ የፊት ምስሎች ነው፤ የሰዎቹ ብዛት ወደ 8 ሚሊዮን ይሆናል። አባቴ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። መኖርም አያስፈልገውም ነበር። የተማረው ሰውን ለይቶ ማወቅ ሳይሆን ፊቶችን በቦታ በቦታቸው ማስቀመጥ ነው።

ሰፈሩ ምን ያህል ይስፋ?

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የሰፈሩን ወሰን ካጠበባችሁት አንድ ሰው ለአምስት ይከፈላል፤ መነጽር ያደረገው አባቴ አንድ ሰው፣ መነጽር የሌለው አባቴ ሌላ ሰው። ካሰፋችሁት ደግሞ ሁለት እህትማማቾች አንድ ሰው ይሆናሉ። ትልቋ እህቴና ሦስተኛዋ በዚህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት አንድ ሰው ሆነው ቆይተዋል።

ወሰኑን እናንተ የምታስተካክሉባቸው ፕሮግራሞች አሉ። በእኔ ልምድ ጠበብ አድርጎ መጀመር ይሻላል። የተከፋፈለን ሰው መልሶ ማዋሐድ ሁለት ጊዜ መንካት ነው። የተደባለቁ ሁለት ሰዎችን መለየት ግን ፎቶ በፎቶ መልቀም ነው።

"ፕሮግራሙ ከመቶ 99 ትክክል ነው ይባል የለ እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ፌስኔት በአንድ ታዋቂ ፈተና 99.63 ከመቶ አምጥቷል። ፈተናው ግን ሁለት ሁለት ፎቶ እያሳዩ "አንድ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም?" ብሎ መጠየቅ ነው። የእኛ ቤት ሁኔታ ሌላ ነው። 20 ሺህ ፊት ካላችሁ እርስ በርስ ሊወዳደሩ የሚችሉት ጥንዶች ወደ 200 ሚሊዮን ይሆናሉ። ከ10 ሺህ አንዱን ብቻ ቢሳሳት እንኳ 20 ሺህ የተሳሳተ ጥንድ ይወጣል። ስለዚህ ስህተት ስታዩ ፕሮግራሙ ተበላሸ አትበሉ። ብዛቱ ራሱ የሚያመጣው ነገር ነው።

የእኛ ፎቶዎች የሚያስቸግሩበት የራሳቸው ምክንያትም አላቸው። በበዓል ቀን ሴቶቻችን ነጠላ ይከናነባሉ፤ ግማሽ ፊት ይሸፈናል። ሐይቁ ዳር የምንነሳው ፎቶ አብዛኛው ውሃው ከኋላችን፣ ብርሃኑም ከኋላችን ሆኖ ነው። ካሜራው የሐይቁን ብርሃን ሲመጥን ፊታችን ይጨልማል። ኮምፒውተሩም የሚያነበው ጥላ አይኖረውም። ሐይቅ ዳር ስትነሱ ጀርባችሁን ለውሃው ከሰጣችሁ ፎቶ አንሺው ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ይንካው። ያን ጊዜ ካሜራው ብርሃኑን በፊታችሁ ይመጥናል።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊት ብቻ አያዩም። የአይፎኑ የፎቶ ፕሮግራም የላይኛውን ሰውነትና ልብስንም ይመለከታል። አንድ ሰው ፊቱን ቢያዞር እንኳ በዚያው ሰዓት በተነሱ ፎቶዎች ውስጥ በልብሱ ይለየዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥምቀት ላይ ግን ሁሉም ነጭ ለብሷል። ሰርግ ላይ ሚዜዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ለብሰዋል። እዚህ ላይ የሰው ዓይን የግድ ያስፈልጋል።

ሕፃናት ከሁሉም ይከብዳሉ። የአንድ ዓመት ሕፃን ፊት በአምስት ዓመቱ ሌላ ሰፈር ነው። የወንድሜ ልጅ በፕሮግራሙ ዓይን አራት የተለያዩ ልጆች ነበር። መፍትሔው በዕድሜ ቅደም ተከተል መሄድ ነው። የክርስትናውን ከአንድ ዓመቱ፣ የአንድ ዓመቱን ከሁለት ዓመቱ እያያያዛችሁ አዋሕዱ። በመካከል ያሉት ፎቶዎች ድልድይ ይሆናሉ።

የግድግዳው ፎቶ

ወደ 412ቱ ልመለስ። እናቴ ጋር ስንገላልጣቸው ሌላ ነገር አየን። ከመቶ በላይ የሚሆኑት አባቴ ካረፈ በኋላ የተነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። አንዱን አሰፋሁት። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ እህቶቼ ሳሎን ውስጥ ቡና ከብበው ተቀምጠዋል፤ ሳር ተጎዝጉዟል። አባቴ የለም። ከዚያ ፕሮግራሙ ያደረጋትን ትንሽ ሳጥን አየሁ። ግድግዳው ላይ ናት። ከሶፋው በላይ የተሰቀለው፣ በፍሬም ያለው ፎቶው። ሳሎን ውስጥ በተነሳ ፎቶ ሁሉ እሱ ከበላያችን አለ። የልጅ ልጁ ክርስትና ላይ አለ። የታናሽ እህቴ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን አለ። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። "ለካ አልተለየንም" አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ከሥራው አንጻር ማወቅ ያለባችሁ ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ የሰውን ፊትና የፊትን ፎቶ አይለይም። ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ተይዞ ሲታይ፣ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ሲለበስ፣ ሱቅ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲገባ ሁሉንም ይቆጥራል። ቤት ውስጥ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕልም ፊት ብሎ ለይቶታል። እነዚህን የማትፈልጓቸው ከሆነ "ችላ በል" የሚል ወይም ይህን የመሰለ ምርጫ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች አለ። እኛ የአባቴን የግድግዳ ፎቶዎች አላወጣናቸውም። ለብቻቸው ስም ሰጥተን አስቀመጥናቸው።

ስም መስጠት

ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ የሚያስረክባችሁ ስም የሌላቸው የፊት ክምሮች ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። እኔ የቤተሰቡን ወጣቶች አውቃለሁ። የእናቴን እድሜ እኩዮች፣ የአባቴን የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የዱሮ ጎረቤቶችን የምታውቀው ግን እናቴ ናት። ይህን ሥራ "ሲመቸኝ" ብላችሁ አታቆዩት። ፎቶው ይቆያል። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው።

እኛ እሁድ እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ እናደርገዋለን። ከትልቁ ክምር እንጀምራለን። መጀመሪያ ሃያ ሰው ስም ስትሰጡ ከፎቶው አብዛኛው ይለያል፤ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ሰው ጥቂት ነውና። ከዚያ ፕሮግራሙ "ይህስ እሱ ነው?" እያለ መጠየቅ ይጀምራል። አዎ ወይም አይደለም በሉት። እያንዳንዱ መልስ ለቀጣዩ ይረዳዋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዝለሉት። በግምት አዎ ማለት የሰውዬውን ሰፈር ያበላሻል።

ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ቀድማችሁ ወስኑ። ይህ የአማርኛ ጣጣ ስለሆነ የትኛውም የፕሮግራም መመሪያ አይነግራችሁም። ከተማችንን አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሀዋሳ፣ ሌላው አዋሳ ብሎ ይጽፋታል። ለእኛ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ኃይሌ ብላችሁ የጻፋችሁትን ሀይሌ ብላችሁ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። የአባት ስምም ጨምሩ። በአንድ ዘመድ ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ስም ሊኖረው ይችላል። እኛ የምንለው የቤት ስምም አለ። "እታባ" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ የማን እታባ እንደሆነች አያውቁም።

ስሙ የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው። ድሮ ፎቶ ስንሰጣጥ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ስም፣ ቀን፣ "ለማስታወሻ" የሚል እንጽፍ ነበር። የዲጂታል ፎቶ ፋይልም እንዲሁ ጀርባ አለው። ሜታዳታ ይሉታል። የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው ዓይነት፣ አንዳንዴም ቦታው እዚያ ይጻፋል። ስም እዚያ ከተጻፈ ፎቶው ወደየትም ቢገለበጥ ስሙ አብሮት ይሄዳል። ጉግል ፎቶስ ላይ ለፊት የሰጣችሁት ስም ግን ፎቶው ጀርባ ላይ አይጻፍም። እዚያው አካውንታችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ፎቶውን ለሌላ ሰው ስታጋሩም አይታይም። ዲጂካም የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሙን ፎቶው ውስጥ መጻፍ ይችላል፤ ይህን የሚፈቅደውን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል። እኔ እሱን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛውን ልጠቀም?

ስልክ ብቻ ላለው ሰው ጉግል ፎቶስ ቀላሉ ነው። ፊትን መሰብሰብ ካልጀመረ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ከኢሜይላችሁ ጋር ይጋራል። አንድ ፎቶ 3 ተኩል ሜጋባይት ቢሆን 4 ሺህ ገደማ ፎቶ ይይዛል ማለት ነው። ዱሮ መጠኑ ለተቀነሰ ፎቶ ገደብ አልነበረውም፤ ያ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ቀርቷል። ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ስለሚጫን ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ካላገኛችሁ አይመከርም።

አይፎን ፊቶቹን የሚለየው ስልኩ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሲሆን። አዲስ ፎቶ አስገብታችሁ ሰው ወዲያው ካልታየ አድሮ እዩት።

ዲጂካም ነፃ ነው። ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ፊት የሚለይበትን ፋይል አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፎቶዎቹም ከቤት አይወጡም። ድክመቱ ለጀማሪ ምናሌው መብዛቱ ነው። ቤታችሁ ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ ኢሚች ወይም ፎቶፕሪዝም የሚባሉትን አሳዩት። የራሳችሁን ኮምፒውተር እንደ ጉግል ፎቶስ አድርገው ለቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ይከፍቱታል።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ ቤት ሳይሆኑ። የእኛ አንዱ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. ስልኬ ሲሰረቅ የሁለት ዓመት ፎቶ አብሮ ሄዷል፤ ከዚያ ውስጥ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ አለበት። ቅጂ ሳታስቀምጡ ምንም አትደምስሱ። ተደጋጋሚ ፎቶ ቢበዛም ይቆይ።

ስለ ተደጋጋሚ ፎቶ ከተነሳ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፤ ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍም ይጠፋል። ከሁለት ተመሳሳይ ፎቶ አንዱን ስትጥሉ ከስልኩ በቀጥታ የመጣውን አስቀሩ። ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩ። መጠን ዋጋ አለው። በስፋት የሚሠራባቸው ፊት መለያዎች የፊቱን ቁራጭ 112 በ112 ነጥብ (ፒክስል) አድርገው ያዩታል። በቡድን ፎቶ ጥግ ላይ ያለ ሰው ፊቱ 25 ነጥብ ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ የሌለውን ዝርዝር መፍጠር አይችልም። የወረቀት ፎቶ ስካን ስታስደርጉም በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይደረግልኝ በሉ። በስልክ የምታነሱት ከሆነ ከፍሬሙ አውጡት፤ መስታወቱ ያንጸባርቃል።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ወንድሜ ሰርጉን "ሰርግ 2009" ብሎ አስቀምጦታል። ካሜራው ደግሞ 2017 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፎልደሩ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ የካሜራውን ዓመት ከፊት አድርጉት፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። የበዓሉን ስምም አትርሱ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የተነሳነው ፎቶ አለን። የበዓሉ ቀን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት ስለሆነ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። በቀን ብፈልገው አላገኘውም ነበር። በስሙ አገኘሁት።

ፊታችን እና ማሽኑ

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እነዚህ ፕሮግራሞች ለሁሉም ፊት እኩል አይሠሩም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የ99 ድርጅቶችን 189 ፕሮግራሞች ፈትሾ ነበር። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ናቸው የማለት ስህተት ከፍ ብሎ የታየው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነው። ዝቅተኛው በምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ላይ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እና ጆይ ቡዎላምዊኒ ከፊት ጾታን የሚገምቱ የሦስት ድርጅቶች ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 ከመቶ ደርሷል። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ ከ0.8 ከመቶ አልበለጠም። ጾታ መገመትና ሰው መለየት አንድ ሥራ አይደሉም። መነሻው ግን ይመሳሰላል። ካርታውን በልምምድ ሲሠሩ የቀረቡለት ፊቶች በአብዛኛው የእኛን ዓይነት ካልሆኑ፣ የእኛን ሰፈር አጠጋግቶ ይሥለዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል። የእህቶቼ መደባለቅ ግን የእነሱ መመሳሰል ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ፎቶ ውስጥ ስህተት ቢፈጠር እናርመዋለን። ፊት ሌላ ቦታም መለያ እየሆነ ነው። ፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ ፊታችን ይወሰዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ፊት መለያውን አቁሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን የፊት መለያ እንደሚደመስስ ያስታወቀው ሰዎች በዚህ ጉዳይ ስለተሟገቱ ጭምር ነው። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን የሰውነት መለያ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልገው መረጃ ውስጥ ይመድበዋል።

ስለዚህ የቤታችሁን ፎቶ ስታደራጁ ሰው ጠይቁ። በተለይ የሌላ ሰው ልጆች ካሉበት ወላጆቻቸውን። አንድ የአክስቴ ልጅ "የእኔን ስም አትጻፍ" አለችኝ፤ አልጻፍኩም። ሰው ፎቶው ውስጥ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በስሙ ተፈልጎ መገኘቱ ሌላ። የፈረሰ እጮኝነት ወይም ትኩስ ሐዘን ያለበት ቤት ደግሞ ያንን ፊት መደበቅ ይቻላል። ፎቶው አይጠፋም፤ ስልኩ ግን "የዛሬ ሦስት ዓመት" ብሎ በድንገት አያመጣውም። አባቴ ባረፈ በወሩ ለእናቴ ስልክ ይህን ባውቅ ኖሮ ጥሩ ነበር።

አሁን ስም ሳይኖራቸው የቀሩ 14 ክምሮች አሉን። አንደኛው የአንዲት ሴት ነው። ከወረቀት ስካን የተደረጉ ሦስት ፎቶዎች ናቸው። በአንዱ ሐይቁ ዳር ከአባቴና ከሌሎች ሰዎች ጋር ቆማለች። በሌላው ቢሮ ውስጥ ናት። በሦስተኛው የወላጆቼ ሰርግ ላይ ከኋላ ትታያለች። ሦስቱ ፎቶዎች በሦስት የተለያዩ አልበሞች ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ሰው መሆኗን ያሳየን ፕሮግራሙ ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየቻት። "መልኳ አልጠፋኝም፤ ስሟ ነው የጠፋኝ። አክስትህ ታውቃታለች" አለች። አክስቴ ቅዳሜ ከይርጋለም ትመጣለች።